የቻይናን አብዮት ከገጠሩ ጀምሮ የማጥናት መንገድ

አዲስ አበባ ተቀምጦ የቻይናን አብዮት የሚያነብ ሰው ሳያስበው የራሳችንን የ1966 ዓ.ም. አብዮት መለኪያ ያደርገዋል። በእኛ አገር ለውጡ በከተማና በጦር ሰፈር ተጀምሮ፣ የገጠር መሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዋና ከተማዋ ወደ ገበሬው ወረደ። በቻይና ግን ኮሙኒስቶቹ ከትልልቅ ከተሞች ተባርረው ሃያ ዓመት ያህል በገጠር ከቆዩ በኋላ ነው ቤጂንግን የያዙት። ስለዚህ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ የምትገናኙ የንባብ ክበቦች ጥናቱን ከመንደሩ ብትጀምሩት ነገሩ ይበልጥ ይገለጥላችኋል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ሰፊ ወረቀት ዘርግታችሁ በሁለት ዓምድ ክፈሉት፤ በአንዱ የአውሮፓውያኑን ቀን፣ በሌላው የእኛን ጻፉ። ቀኑ ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ አውሮፓውያኑ ዓመት መጨረሻ (በእኛ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ) ድረስ ባለው ጊዜ የዋለ እንደሆነ ከአውሮፓውያኑ ዓመት 7 ቀንሱ፤ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 8። የመጨረሻውን ንጉሣዊ ሥርዓት ያፈረሰው የውቻንግ አመፅ የተነሣው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 1911 ነው፤ ይህም መስከረም 29 ቀን 1904 ዓ.ም. ማለት ነው። የሕዝባዊ ሪፐብሊኩ ምሥረታ የታወጀበት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1949 ደግሞ በእኛ መስከረም 21 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ የግሸን ማርያም ዕለት ነበር። እንዲህ ያለ መያዣ ያገኘ ቀን በቀላሉ አይረሳም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በስተቀር፣ የአውሮፓውያኑ ናቸው።

ስሞችም እንዳያደናግሯችሁ ተጠንቀቁ። ማኦ ሴቱንግና ማኦ ዜዶንግ አንድ ሰው ናቸው፤ ፔኪንግና ቤጂንግም አንድ ከተማ ናቸው። ዋና ከተማው ናንጂንግ በነበረበት ከ1928 እስከ 1949 ባለው ጊዜ ደግሞ ይኸው ከተማ ቤይፒንግ ይባል ነበር።

ከ1911 እስከ 1919 ያለውን በአንድ ስብሰባ ማለፍ ትችላላችሁ። ሰን ያትሰን ሪፐብሊኩን ቢመሠርትም ሥልጣኑ ሠራዊት በነበረው በዩዋን ሺካይ እጅ ገባ፤ እርሱ በ1916 ሲሞት አገሪቱን የጦር አበጋዞች ተከፋፈሏት። በ1919 በሻንዶንግ የነበረው የጀርመን መብት ለጃፓን ሲሰጥ የቤጂንግ ተማሪዎች ግንቦት 4 ቀን አደባባይ ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሻንጋይ የተመሠረተው የኮሙኒስት ፓርቲ አባላቱ ከ50 ብዙም አይበልጡም ነበር።

ከ1927 ስትደርሱ ግን አትቸኩሉ፤ ሁለትም ሦስትም ስብሰባ ስጡት። እስከዚያ ድረስ ኮሙኒስቶቹ ከብሔርተኛው ፓርቲ ከኩሚንታንግ ጋር ኅብረት ፈጥረው፣ ተስፋቸውን በከተማ ሠራተኞች ላይ ጥለው ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን የኩሚንታንግ መሪ ቺያንግ ካይሼክ በሻንጋይ አጋሮቹን በድንገት አስፈጀ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱም ፈረሱ። ማኦ በዚያው ዓመት መስከረም በሁናን የመራው አመፅ ከሸፈና የተረፉትን ይዞ ወደ ጂንጋንግ ተራራ ሸሸ። ኋላ ላይ አርቆ አሳቢነት የተባለው የገጠር ጉዞ የተጀመረው በሽንፈትና በሽሽት መሆኑን ክበቡ አጥብቆ እንዲወያይበት እመክራለሁ፤ ይህን ያልተረዳ አንባቢ ድሉን ከመጀመሪያው የተጻፈ ዕጣ አድርጎ ያየዋልና።

ቀጥሎ የመሬትን ጥያቄ ለብቻው አንሡ። «መሬት ላራሹ» የሚለው ሐሳብ በ1957 ዓ.ም. የእኛ ተማሪዎች ይዘውት ከመውጣታቸው ከአርባ ዓመት በፊት በኩሚንታንግ መሥራች በሰን ያትሰን አንደበት የተነገረ ነው፤ ሆኖም ኩሚንታንግ በገጠር በባለመሬቶች ላይ ስለተደገፈ ሊፈጽመው አልቻለም። የኮሙኒስቶቹም ፖሊሲ አንድ ወጥ አልነበረም። ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ መውረሱን ትተው የመሬት ኪራይና የአራጣ ወለድ ማስቀነስን መረጡ፤ ከ1946 ጀምሮ ግን ወደ መውረስ ተመለሱ፤ በዚህም ብዙ ባለመሬቶች በአደባባይ እየተዋረዱ ተደበደቡ፣ ተገደሉም። ለገበሬው የደረሰውን መሬትና የፈሰሰውን ደም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፉ፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ለሞቱትም ለኖሩትም ፍትሕ አይደለም።

በወረቀታችሁ ላይ 1935ን በቀለም ክበቡት። በ1934 የኩሚንታንግን ከበባ ሰብረው ከገጠር ሰፈራቸው ከጂያንግሺ ከተነሡት 86,000 ያህል ኮሙኒስቶች፣ «ረጅሙ ጉዞ» ከተባለው ሽሽት በኋላ ሰሜን ሻንሺ የደረሱት 8,000 ያህል ብቻ ነበሩ፤ የደረሱትም በጥቅምት ወር፣ ጣሊያን መረብን ተሻግሮ በወረረን በዚያው ወር ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በ1931 ማንቹሪያ ስትወረር እንዳላስጣለ ሁሉ እኛንም አላስጣለም፤ ይህን ለማየት ከእኛ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ አንባቢ የለም።

ስለ መጨረሻው ድል ስትወያዩ አንድ ምክንያት ብቻ የሚያቀርበውን ተናጋሪ ሌላም እንዲጨምር ጠይቁት። ጃፓን በ1937 ዋና ወረራዋን ስትጀምር የፓርቲው አባላት 40,000 ያህል ነበሩ፤ በ1945 ግን 1.2 ሚሊዮን ደርሰዋል። ወራሪው የኩሚንታንግን ምርጥ ጦር ሲያደክም ኮሙኒስቶቹ ከጠላት መስመር ጀርባ ባሉ መንደሮች ተስፋፍተዋል። በከተማ ደግሞ የኑሮ ውድነቱ መንግሥትን ከደመወዝተኛው ለየው፤ በነሐሴ 1948 አንዱ አዲስ የወርቅ ዩዋን በ3 ሚሊዮን አሮጌ ገንዘብ እንዲለወጥ ቢታወጅም አዲሱም በወራት ውስጥ ዋጋ አጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከኩሚንታንግ ጋር በተጀመረው የኋይሃይ ውጊያ ለኮሙኒስቱ ጦር ስንቅና ጥይት ያደረሱት ባለ አንድ ጎማ ጋሪ የሚገፉ ገበሬዎች ነበሩ። ይኸው ጦር በከበባት በሰሜን ምሥራቋ ከተማ በቻንግቹን ግን እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች በረሃብ አልቀዋል፤ ጋሪውን የሚጽፍ ሰው ይህንንም ይጻፍ።

ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወመዘክር ሄዳችሁ የ1942 ዓ.ም. የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቅጾችን ጠይቁ፤ የመስከረምና የጥቅምቱን እያገላበጣችሁ ስለ ቻይና የተጻፈ ነገር ካገኛችሁ ከነቀኑ ቅዱና በወረቀታችሁ ሁለተኛ ዓምድ፣ ከመስከረም 21 ግርጌ ለጥፉት።