መብራት ሲመለስ ማቀዝቀዣዬ እንዳይቃጠል ያደረግሁት

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ አዲስ አበባ ነጎድጓድ በበዛበት አንድ ምሽት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። በሦስተኛው የማቀዝቀዣችን ሞተር አቃሰተና ጸጥ አለ፤ ወጥ ቤቱን የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ሞላው።

ሊጠግነው የመጣው ልጅ «ጋሼ፣ የሚጎዳው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው» አለኝ። ሞተሩ ድንገት ሲቆም በቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ወዲያው ከተነሣ ከግፊቱ ጋር ሲታገል ሽቦው ይግላል። በዚያ ላይ ኃይሉ ሲመለስ ከ220 ቮልት በጣም ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊመጣ ይችላል።

ሞተሩን ካስቀየርሁ በኋላ በሶኬቱና በማቀዝቀዣው መካከል የቮልቴጅ መከላከያ ሰካሁ። ቮልቴጁ ከልክ ሲወጣ ይቆርጣል፤ መብራት ሲመለስም ኃይሉን የሚለቀው ከ3 ደቂቃ በኋላ ነው። ማቀዝቀዣውን በዲቫይደር መሰካትም ትቻለሁ። የድሮው ዲቫይደር ቀዳዳው ዙሪያ ጠቁሮ ነበር፤ አስቀድሜ ባለማየቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

መከላከያው ግን መብረቅን አይችልም። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር፣ ነጎድጓዱ ሳይደርስ፣ ቴሌቪዥኑንም ማቀዝቀዣውንም ከሶኬት እነቅላለሁ።

ለምግቡ ደግሞ በረዶ ቤቱ ውስጥ ውኃ የሞላሁባቸው ሦስት የሃይላንድ ጠርሙሶች አሉ። በሩ ካልተከፈተ ማቀዝቀዣው 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ መብራት ሲጠፋ በሩን አይነኩም።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ መብራት በአንድ ቀን አራት ጊዜ ሄዶ መጣ። ማቀዝቀዣው ደኅና ነው።