አሮጌ መኪና በደብረ ብርሃን ብርድና በጣርማበር ዳገት፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

በአነስተኛ ገንዘብ የሚገዛ አሮጌ መኪና ሁሉ የሆነ ነገር ጎድሎታል። ሻጩ «ምንም የለበትም» ቢልም ጎድሎታል። የገዢው ሥራ ጎደሎው ምን እንደሆነና ለማሟላት ስንት እንደሚፈጅ ብሩ ከእጁ ሳይወጣ ማወቅ ነው። ባትሪው የደከመ መኪና ዋጋ አስቀንሶ ይገዛል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የተጣመመው ግን በግማሽ ዋጋም ውድ ነው። ከታች ከተጻፉት ምልክቶች ገሚሱ ለመደራደሪያ ይጠቅማል፣ ገሚሱ ግን «አመሰግናለሁ» ብሎ ለመሄድ ነው።

ገበያውም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ዲኤክሱም፣ ኮሮላውም፣ ቪትዙም እዚሁ አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዕድሜው እየጨመረ ዋጋው ግን አልወረደም።

ለሰሜን ሸዋ ገዢ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ብርዱና ዳገቱ ያለ ክፍያ ይመረምሩለታል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርዱ ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ያለ እንከን የሚነዳ መኪና እዚህ መንገድ ላይ ጉዱ ይወጣል። መኪናው ያለው አዲስ አበባ ከሆነ ቢያንስ የእንጦጦን ዳገት ሳያስወጡት አይዋዋሉ።

ሊያዩት ሲደርሱ ሞተሩ ሞቆ ከቆየዎት

ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል። ምናልባት ከሥራ መመለሱ ይሆናል፤ ምናልባትም ጠዋት እንደማይነሳ ያውቃል። የቀዘቀዘ ሞተር የሚያሳየውን ጭስ፣ መንቀጥቀጥና ኳኳታ የሞቀ ሞተር ይደብቃል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ «እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሳው» ብሎ መቅጠር። በዚህ ቅር የሚለው ሻጭ ነግሮዎታል ማለት ነው።

ሲያስነሱት ሞተሪኖው እየተጎተተ ከዞረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳል፤ ሸዋሮቢት ላይ ሲያስነሳ የከረመ ባትሪ በብርዳማዋ የመንዝ ከተማ በመሐል ሜዳ ሊተኛ ይችላል። በመለኪያ ሲለካ ሙሉ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያሳያል። ሲሠራም 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው አይሞላም። ይህ ሁሉ ለመደራደሪያ እንጂ ለመሸሻ አይደለም።

ናፍጣ መኪና ከሆነ ካንዴሌታውን (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀውን) ያስፈትሹ። ካንዴሌታው ደህና ሆኖ፣ ባትሪውም ሞልቶ፣ ጠዋት ብዙ ካልዞረ የማይነሳና ተነስቶም ነጭ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ጭስ እየተፋ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አንድም ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ወርዷል፣ አንድም የናፍጣ ፖምፓው ወይም ኢንጀክተሩ ተበላሽቷል። ሁለቱም ኪስ ይጎዳሉ። ኮምፕሬሽን ሳያስለኩ አይግዙት።

ጭሱ

በጠዋት ብርድ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣ ስስ ነጭ እንፋሎት አያስደንግጥዎ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ከማንኛውም መኪና ያወጣዋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ከሞቀ በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ከቀጠለና ሽታው ጣፈጥ ካለ ራዲያተሩ ውስጥ መሆን የነበረበት ውሃና ኩላንት ሞተሩ ውስጥ እየተቃጠለ ነው። ይህን ዓይነቱን ጥለው ይሂዱ።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ብልጭ ብሎ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቮላ ጎሚኒ ደርቋል፤ በመጠኑ ወጪ ይቀየራል። ነዳጅ ሲረግጡና ዳገት ሲወጡ የሚብስ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተር ማስወረድ ይመጣል። ደላላው «ወንድሜ፣ ትንሽ ዘይት ብቻ ነው የሚጠጣው» ሲልዎ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱት። ጭስ እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ ትንሽ አይደለም።

ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። በካርቡራቶር በሚሠሩ አሮጌ ሞተሮች ይህ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራቶሩ ግን እንደ ቆላው ያህል ቤንዚን መስጠቱን አይተውም። የአየር ፊልትሮ ማጽዳትና ካርቡራቶሩን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በጥቁር ጭስ ብቻ መኪና አይናቅም።

ሙቀቱ

እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡ፤ በዚህ አካባቢ ብዙ ሞተር የሚገድለው ይህ ነው።

ውሃ በደብረ ብርሃን ከፍታ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የብዙ መኪና ሞተር ደግሞ ከዚያው ሙቀት አካባቢ ይሠራል። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ጎሚኒው የተሰነጣጠቀ ክዳን አዳማ ላይ ብዙም ሳይታወቅ ቢኖር፣ ጣርማበር ላይ መኪናውን ያቆመዋል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ከፍተው ይዩት (በሞቀ ሞተር በፍጹም አይክፈቱ)። ክዳን መቀየር ርካሽ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ቀለሙ ምንድን ነው? አረንጓዴ ወይም ቀይ ኩላንት ካለ ባለቤቱ ጠንቃቃ ነበር። የዛገ ቡናማ ውሃ ካዩ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላ ኖሯል ማለት ነው፤ ራዲያተሩና የሞተሩ የውሃ መንገድ በዝገት ሊደፈን ይችላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የውርጭ ጊዜ ደግሞ ንጹሕ ውሃ የያዘ ራዲያተር የመሰንጠቅ አደጋም አለበት። ገዝተው ከሆነ ያሳጥቡትና ኩላንት ግማሽ በግማሽ ይሙሉ።

ሁለተኛው ምልክት ብዙ ገዢ ደስ የሚለው ነው፤ የሙቀት መለኪያው አይነሳም። ሩብ ሰዓት ተነድቶም ከታች ነው። «ይህ መኪና ሙቀት አያውቅም» ይልዎታል ሻጩ። ብዙ ጊዜ እውነቱ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው) ወጥቶ መጣሉ ነው። መኪናው ሲሞቅ ያስቸገረው ሰው ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ቴርሞስታቱን ያስወጣል፣ ፋኑን ደግሞ ዳይሬክት ያስደርጋል፤ ቁልፍ ሲዞር ጀምሮ ይሽከረከራል። በእኛ ብርድ እንዲህ ያለ ሞተር ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ፦ መጀመሪያውኑ ለምን ሞቀ? ቴርሞስታቱን አስመልሰው፣ ፋኑን ወደ ቦታው አስገብተው፣ መኪናውን ዳገት ያስወጡት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ መኪና ይፈልጉ።

ሦስተኛው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ። ሞተሩ ቀዝቅዞ የራዲያተሩ ክዳን እንደተከፈተ ያስነሱት፤ ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ቢንተከተክ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ሳይሞቅ የላይኛው ጎማ ቱቦ እንደ ድንጋይ ቢጠነክር ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ዘይቱንም ይዩ። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ነጣ ያለ ቅባት ካገኙ ወዲያው አይፍረዱ፤ በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ክዳኑ ሥር እርጥበት ያጠራቅማል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ዘይቱ ራሱ ማኪያቶ ከመሰለ ግን ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ጓርኒሲዮኑ ራሱ ውድ ዕቃ አይደለም። ውዱ ቴስታታውን አውርዶ ቶርኖ ቤት መውሰዱ፣ ተሰንጥቆ ከተገኘ ደግሞ ሌላ መፈለጉ ነው፤ እስኪከፈት ድረስ ስንት እንደሚፈጅ ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ስንቱ እንደማይታወቅ ዕዳ ደግሞ ለአነስተኛ በጀት የሚከፋ ነገር የለም።

ዳገት ላይ ሲደክም

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ጣርማበር ላይ እንግዲህ ሲሦው ሊጠጋ ነው። 1,000 ሲሲ ቪትዝ አምስት ሰው ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ ቢወጣ አልታመመም፤ ተፈጥሮው ነው። ዘወትር ቤተሰብና እህል ጭነው መንዝ ወይም መርሐቤቴ የሚመላለሱ ከሆነ ግን ሲገዙ ከ1,300 ሲሲ ባይወርዱ ይሻላል፤ ትንሿ ሞተር የምትቆጥበውን ቤንዚን ዳገቱ ይወስደዋል።

ሕመም የሚሆነው የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ነው። ያኔ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሜዳ ላይም ይታወቃል፦ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ደህና ነው፤ እየሠራ ከቀጠለ አልቋል። ሙሉ የፍሪሲዮን ዕቃና የእጅ ሥራ ስንት እንደሆነ ጋራዥ ጠይቀው ከዋጋው ያስቀንሱ። አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ ሲያስገቡ ሳይዘገይና ሳይመታ መያዝ አለበት፤ የካምቢዮው ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ይተዉት።

ቁልቁለት ላይ

ፍሬኑን መጀመሪያ ሜዳ ላይ ይፈትሹ እንጂ የማያውቁትን መኪና ይዘው ወደ ደብረ ሲና አይውረዱ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፣ ከዚያ ረግጠው ይያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ የፍሬን ዘይት የሆነ ቦታ ያልፋል። እንደረገጡ ሞተሩን ሲያስነሱ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ ካላለ ሰርቮው (የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀለው) አይሠራም። ፍሬን ሲይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል፤ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ አንዱ ጎማ ከሌላው በላይ እየያዘ ነው። እነዚህ ሁሉ ይሠራሉ፣ ዋጋቸውም ይታወቃል። የፍሬን ዘይት ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ያረጃል፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ በረጅም ቁልቁለት ሲሞቅ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። የገዙት መኪና መቼ እንደተቀየረለት ካላወቁ በመጀመሪያው ሳምንት ያስቀይሩት።

ቦዲውና ኪሎ ሜትሩ

የኪሎ ሜትር ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ትተው የፔዳሉን ጎማ፣ መሪውንና የሹፌሩን ወንበር ይዩ። ስቱኮ የተለቀለቀበት ቦታ ማግኔት አይይዝም፤ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በሮቹንና ፓራፋንጎውን መዳሰስ በቂ ነው። የጎማ ዕድሜ ጎኑ ላይ ባሉት አራት አኃዞች ይነበባል፦ 2319 ከሆነ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። የጎማው አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ አላይመንት ይፈልጋል፤ አላይመንት አልይዝ ካለ ግን ሻንሲው ወይም እግሩ ከግጭት ተጣሟል። መሪ ሙሉ ሲጠመዘዝ የሚሰማው ጠቅ ጠቅ ደግሞ ላስቲኩ ተቀዶ ግራሶው ያለቀበት ሲቪ ጆይንት ነው፤ በጠጠር መንገድ የከረመ መኪና ላይ ብዙ ያጋጥማል፣ ይቀየራል።

መካኒኩን እርስዎ ራስዎ ይዘው ይሂዱ፣ ለድካሙም እርስዎ ይክፈሉት። ደላላው «የኛ ልጅ ነው» ብሎ የሚያመጣው መካኒክ የማን ልጅ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካዩ መካኒካል ምርመራው እዚያው ያብቃ። የሻንሲው ቁጥር ትክክል ሆኖ የሞተሩ ከተለየ ሞተር ተቀይሮ በሊብሬው ላይ አልተመዘገበም፤ አስመዝግቦ እንዲመጣ ሻጩን ያዙት፣ «በኋላ ይስተካከላል» አይቀበሉ።

በኢንቨስትመንት ወይም በድርጅት ስም ከቀረጥ ነጻ የገባ ፒክአፕ ርካሽ ሆኖ ሲቀርብልዎ፣ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቁ፤ ካልተከፈለ ስም አይዛወርም። በባንክ ዋስትና አለመያዙንና የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት መኪናው ከተመዘገበበት የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ፋይሉን አስወጥተው ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል፤ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይጥቀስ፣ ያልተሻረ መሆኑም ሰነዱን ከሰጠው ቢሮ ይጣራ።

ቀብድ ከሰጡ አነስተኛ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ፋይሉ ላይ ዕዳ ከተገኘ እንደሚመለስ ይጻፍበት። ቀሪው ውሉ በሚፈረምበት ቀን በባንክ ይተላለፍ። ከበጀትዎ ላይም አምስተኛውን ያህል አይንኩት፦ ዘይትና ፊልትሮዎች፣ የፍሬን ዘይት፣ ኩላንት፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ቦሎ፣ እንዲሁም ሞተሩ በሰንሰለት ሳይሆን በታይሚንግ ቺንጋ የሚሠራ ከሆነ አዲስ ቺንጋ ከዚያ ይወጣል። ሻጩ «ባለፈው ዓመት ተቀይሯል» ቢልም ደረሰኝ ከሌለው እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት።