ኅብሩ አልገኝ ሲል፦ የሰምና ወርቅ ችግርና መፍትሔ

ደሴ ላይ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲደምቅ ግጥም መወርወሩ አይቀርም። አንዱ ገብቶት ይስቃል፤ አጠገቡ ያለው ወርቁን ሲፈልግ ጨዋታው ያልፈዋል። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ነው፤ ወርቁ የተሸሸገው፤ ኅብሩ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው ቃል። ለሚቸገሩ ሁሉ ማሳያ እንዲሆን ሁለት ግጥም ገጥሜያለሁ።

ምልክት፦ ግጥሙ ተራ ወሬ ይመስላል

ደሴ ችሎት ቆሜ ዳኛው ሲጠይቀኝ፣
አንቺ ከሳሽ እንጂ እኔ ምን አለብኝ።

ምክንያቱ፦ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። ችሎትና ዳኛ ከፊት ስለቀደሙ ምላስ "ከሳሽ"ን አላልቶ፣ ክስ አቅራቢ አድርጎ ያልፋል።

መፍትሔው፦ ጮክ ብላችሁ "ሳ"ን አጥብቁት። ከሳሽ፣ መነመንሽ ማለት ይሆናል። በፍቅር የከሳሽው አንቺ ነሽ፣ እኔስ ጤነኛ ነኝ እያለ ነው። ጠቋሚውም እዚያው ነበር፤ የጠየቀው ዳኛው ሆኖ ሳለ መልሱ "አንቺ" ይላል። ተናጋሪው ሳይታሰብ ፊቱን ወደ ሌላ ሰው ካዞረ ጠርጥሩ።

ምልክት፦ ቃላቱ ይገባሉ፣ ነገሩ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል

ሐረጎን ስወጣ ጭጋግ ሲዘረጋ፣
ደሴ ደጅሽ ቆሜ ገና ሌት ሳይነጋ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ዓይነቱን ነው። ማሰሪያ አንቀጹን፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ ፈልጉ፦ ስወጣ፣ ሲዘረጋ፣ ቆሜ፣ ሳይነጋ። አንዱም አያስርም። ምክንያቱ፣ ኅብሩ ሁለት ቃል ሆኖ ሳለ ተጋጥሞ መጻፉ ነው። ለያዩት፤ ሳይ፣ ነጋ። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት በጭጋግ የወጣው ሰው እርሷን ሲያይ በእኩለ ሌሊት ነጋለት። ማሰሪያው ተገኘ፣ ወርቁም ተገኘ።

ምልክት፦ ሲነገር የገባው ተጽፎ ሲታይ ይጠፋል

ይህ የሞክሼ ፊደላት ጣጣ ነው። በግዕዙ ሥርዓት ፀሐይ "ሠረቀ"፣ ሌባ "ሰረቀ" ተብሎ ይጻፋል፤ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ ከወረቀቱ ቀና በሉና ሌላ ሰው ያንብብላችሁ።

የቦታ ስም ሲያጋጥማችሁም ዝም ብላችሁ አትለፉት። ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ የሚጠራበት "አይጠየፍ" ስም ቢሆንም ግስ ነው፤ እንግዳ ስለማይንቅ ሰው በሚገጠም ግጥም ውስጥ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

ምልክት፦ ወርቅ ተገኘ፣ ሰሚው ግን አይቀበልም

ብዙ ጊዜ ፈቺው ለራሱ እንዲመቸው ፊደል ቀይሯል። ማጥበቅ፣ ማላላት፣ መለያየትና መግጠም ይፈቀዳል፤ "ለ"ን "ረ" ማድረግ ግን አይፈቀድም። ሁለቱንም ስንኝ ከመጀመሪያው በወርቁ መልሳችሁ አንብቡ፤ ነገሩ እስከ መጨረሻው ካልተያያዘ ፍለጋውን ቀጥሉ።