የፖከር ትራከራችሁ የሚያሳየው ቁጥር ትክክል መሆኑን እንዴት ትፈትሹታላችሁ

ፖከርትራከር 4ም ሆነ ሆልደም ማኔጀር (የኦንላይን ፖከር ጨዋታን መዝግበው ስለ ተጫዋቾቹ ቁጥር የሚያወጡ፣ ትራከር የሚባሉ ፕሮግራሞች) ስትጠቀሙ ከተጫዋቹ ስም አጠገብ የሚወጣውን ቁጥር ዝም ብላችሁ አምናችሁ ገንዘባችሁን አታስገቡ፣ መጀመሪያ ፈትሹት። ትራከሩ ሳይቱ ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚያስቀምጠውን ሃንድ ሂስትሪ (የእያንዳንዱ ሃንድ፣ ማለትም ካርታ ታድሎ የሚጫወት አንድ ዙር፣ መዝገብ) የሚባል የጽሁፍ ፋይል ነው የሚያነበው፣ ፋይሉ ከጎደለ ቁጥሩም ይጎድላል።

መጀመሪያ ፋይሎቹን ሌላ ፎልደር ላይ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከዛ አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ከፍታችሁ የአንድ ቀን ጨዋታ ብቻ ኢምፖርት አድርጉ። እያንዳንዱ ሃንድ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ፋይሉ ውስጥ ስንት እንዳለ ቁጠሩና ትራከሩ ካለው ጋር አስተያዩ። እኔ አንዴ ሂስትሪው የሚቀመጥበት ፎልደር ተቀይሮብኝ ሳምንት ሙሉ የተጫወትኩት ሳይመዘገብ ቀርቷል፣ ያወቅኩት ስቆጥር ነው። ያንኑ ፋይል ሁለተኛ አስገቡት፣ ብዛቱ ከጨመረ ትራከሩ አንዱን ሃንድ ሁለቴ እየቆጠረ ነው ማለት ነው።

አሁን ዋናው ስራ፣ 50 ሃንድ ወስዳችሁ የአንድ ተጫዋች ቪፒአይፒ (ፍሎፕ፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ የሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርታ፣ ሳይመጣ በፍላጎቱ ገንዘብ ያስገባበት ሃንድ በመቶኛ) በእጃችሁ አስሉ። ስሞል ብላይንዱ (ካርታ ሳይታደል ትንሹን የግዴታ ገንዘብ የሚያስገባው) ኮል ካደረገ (የተጠየቀውን ከሞላ) ይቆጠራል፣ ቢግ ብላይንዱ (ትልቁን የሚያስገባው) ቼክ ብሎ (ገንዘብ ሳይጨምር አልፎ) ፍሎፕ ካየ ግን አይቆጠርም ምክንያቱም ብላይንዱ ግዴታ ነው። ሁሉም ፎልድ አድርገው (ካርታቸውን ጥለው) ቢግ ብላይንዱ በነጻ የወሰደው ሃንድ ደግሞ ፖከርትራከር ላይ ከማካፈያው ይወጣል። ስለዚህ ሰውየው 12 ጊዜ ገብቶ 2 ጊዜ በነጻ ከወሰደ 12 ለ48 ነው፣ 25 በመቶ፣ ለ50 ካካፈላችሁት 24 ይመጣና ትራከሩ ተሳሳተ ትላላችሁ። ፒኤፍአር (ፍሎፕ ሳይመጣ ሬይዝ ያደረገበት፣ ማለትም ውርርዱን ከፍ ያደረገበት) በሃንድ ብዛት ከቪፒአይፒ በልጦ ካያችሁ ግን እዛ ጋ በርግጠኝነት ችግር አለ።

ገንዘቡንም አትርሱ፣ ቀኑን ስትጀምሩና ስትጨርሱ አካውንታችሁ ላይ የነበረውን ጻፉና ልዩነቱ ከትራከሩ ጋር ይግጠም። ካልገጠመ ቦነስ ወይም ቶርናመንት መግቢያ ተረስቶ ይሆናል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ የተጫወታችሁት ደግሞ በሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ወደ ሌላ ቀን ሊሄድ ይችላል።

ስሌቱ ልክ ሆኖም የሃንዱ ብዛት ካነሰ ቁጥሩ ያሳስታል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። በ100 ሃንድ 25 በመቶ የሚል ቪፒአይፒ ትክክለኛው ከ17 እስከ 33 የትም ሊሆን ይችላል፣ በ400 ሃንድ ከ21 እስከ 29 ይጠባል። ስሪቤት (ፍሎፕ ሳይመጣ የሌላ ሰው ሬይዝ ላይ እንደገና ሬይዝ ማድረግ) የባሰ ነው፣ እድሉ 12 ጊዜ ብቻ ከመጣና አንዴ ካደረገው 8 በመቶ ይላል፣ አንድ ሲጨምር 17 ገባ! ስለዚህ ከመቶኛው ጎን ስንት እድል እንደነበረ እንዲያሳይ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና አብሩት።

ጠረጴዛ ላይ ስትሆኑ ደግሞ ሰው ሲወጣና ሌላ ሲገባ ቁጥሩ የድሮውን ስም ይዞ ወንበሩ ላይ እንዳይቀር እዩ። ጂጂፖከርን የመሳሰሉ ሳይቶች እየተጫወታችሁ እንዲህ አይነት ፕሮግራም መጠቀምን ስለሚከለክሉ አካውንታችሁ እንዳይዘጋ ህጋቸውን ቀድማችሁ አንብቡ።

ያቺን 50 ሃንድ ያለችበትን ፋይል ከነመልሷ አስቀምጧት፣ ትራከሩን አፕዴት ባደረጋችሁ ቁጥር ባዶ ዳታቤዝ ላይ አስገብታችሁ ያው መልስ መምጣቱን ታዩበታላችሁ።