የሳፋሪ ቮልስን ከወለሉ ጀምሮ ማደስ

አሮጌ ቮልስ ገዝቶ የራሊ መኪና ላድርገው የሚል ሰው ወደ ጋራዤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለም ነው፤ ቁጥሩ በሩ ላይ የት ይጻፍ፣ መብራቱ ስንት ይሁን ይለኛል። እኔ ደግሞ የኋላ ወንበሩን አንሣልኝ እለዋለሁ።

የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የሚባለው የራሊ ውድድር በ1953 እ.ኤ.አ. የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መጫን ምክንያት አድርጎ ሲጀመር መንገዱ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን (የዛሬዋን የታንዛንያ ዋና ምድር) ያዳርስ ነበር። በ1957 ጋስ ሆፍማን፣ በ1962 ደግሞ ቶሚ ፍያስታድ በቮልስ አሸንፈዋል። የ1962ቱ ሞዴል 1192 ሲሲ ሞተርና 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ጭቃውን ያሻገረው ጉልበቱ አይደለም፦ የሚፈላ ራዲያተር የለውም፣ ሆዱ ለጥ ያለ ነው፣ የሞተሩ ክብደትም በሚገፉት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ ድርብ ካርቡራተር ጫንልኝ የሚለኝን አልሰማም።

ወንበሩ ሲነሣ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው በወለሉ መካከል ባለው ዋሻ መሰል ጉብታ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነው፤ ከሊብሬው ጋር አመሳክሩት። ሁለተኛው በቀኝ በኩል ያለው የባትሪ ቦታ ነው። ከባትሪው የሚያመልጠው አሲድ ላሜራውን ከላይ ይበላዋል፣ ከሥር የሚገባው ጭቃ ደግሞ እርጥበቱን ይይዝለታል። ቦታውን በሶዳ ውኃ እጠቡና አድርቁት፣ ከዚያ በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፅ ሳያሰማ ያስገባል። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጣችሁ አዲስ ላሜራ አስበይዱ። በስቱኮ ሞልቶ ቀለም የቀባ ሰው መኪና አላደሰም፣ ገዢ አታለለ እንጂ።

መኪናው በእውነት ተወዳድሮ ከሆነ ምልክቱን ፈልጉ፦ በፊት ኮፈን ላይ የተደፈነ የመብራት ቀዳዳ፣ ከሞተሩ ሥር የታሰረ መከላከያ ብረት፣ የተጠናከረ ብየዳ። እነዚህን ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሷቸው። ምልክት ከሌለ ታሪክ አትፍጠሩለት፤ የሳፋሪን መልክ የያዘ መኪና ነው ብሎ መናገር አያሳፍርም።

የፊት እግሩ ግራሶ ይወዳል። ስታስገቡ መኪናውን በክሪክ አንሥታችሁ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ይሁኑ፤ ክብደቱ ካረፈበት ግራሶው ወደሚፈለግበት ቦታ አይደርስም።

ሞተሩ ጋ ስንደርስ ብዙ ሰው የሚጥለው ነገር አለ፤ በዙሪያው ያሉት ጥቁር ላሜራዎችና የጎማ ጥብጣባቸው። ጌጥ ይመስላሉ። ሥራቸው ግን ከሥር የሚወጣውን ትኩስ አየር ማራገቢያው መልሶ እንዳይስበው መለየት ነው። አንዱ ከጎደለ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት ይተነፍሳል። መጀመሪያ የሚጎዳው በግራ በኩል የፊተኛው፣ ማለትም ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ አየር የሚደርሰው በዘይት ማቀዝቀዣው አልፎ ሞቆ ነውና። ቴስታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሲወርድ የዚያን ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ አስቀድማችሁ እዩ። ፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን እያቋረጠ ብልጭታ የሚያስነሣው መገናኛ) 0.4 ሚሊሜትር ይከፈት፣ ካንዴላዎቹ የሚያቀጣጥሉበት ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። የማራገቢያው ቺንጋ (ቀበቶ) በጣት ሲጫን አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ይርገብ።

አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ አነስ ያለ ዣንሰር (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ያስተካክለዋል። ነገር ግን በዚያው ወደ አዋሽ ከወረዳችሁ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ይግላል። ትልቁን ዣንሰር ከመኪናው አትለዩት።

የቤንዚን ቱቦዎችን ግን ሳታመነቱ ሁሉንም ለውጡ። ቮልስን የሚያቃጥለው በጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ያረጀ ቱቦ ነው። ማጣሪያውንም ከሞተሩ ክፍል ውጭ አድርጉት።

ኤሌክትሪኩ በ6 ቮልት ቢቆይ ደስ ይለኛል። የሌሊት ፒስታ መንገድ ለሚነዳ ግን 12 ቮልት ይሻለዋል፤ ዲናሞውን፣ አምፖሉንና ሬጉሌተሩን አብሮ መቀየር እንጂ ባትሪ ብቻ መለወጥ አይሆንም።

አሁን ቀለሙን ቀቡ፣ ቁጥሩንም ጻፉ። ከዚያ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ሞልታችሁ እንጦጦን በዝግታ ውጡ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን አፍስሱና ከሞተሩ ሆድ የዘይቱን ወንፊት አውጥታችሁ በነጭ ጨርቅ ላይ አራግፉት። ማግኔት የማያነሣው የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከበዛ ኩዚኔታው (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማረፊያ) እየተበላ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን እንደገና አውርዱት።