ዕቅዱ ከሥዕሉ ሲነሣ፦ ለከፍተኛ የስቱዲዮ ኮርስ የሚዘጋጅ መምህር የራሱን ሥራ እንዴት ይሠራል?

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ የሚያስተምር የሥዕል መምህር የአዲሱን ዓመት የኮርስ ዕቅድ የሚያሰናዳው አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ለራሱ ሸራ ሰፋ ያለ ጊዜ የሚያገኘውም በእነዚሁ ወራት ነው። ብዙ ባልደረቦች ታዲያ መጀመሪያ ዕቅዱን ጨርሰው በተረፈው ቀን ለመሣል ያስባሉ፤ የሚተርፍ ቀን ግን አይኖርም። የሚሻለው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ፣ ማለትም ተማሪው የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ ራስ ሠርቶ ዕቅዱን ከዚያ ማውጣት ነው።

ለዚህ አሠራር ጎጃም የቆየ አብነት አለው። በቅኔ ቤት መምህሩ የቀደሙትን ቅኔ በመጥቀስ ብቻ አይወሰንም፤ ራሱ ዘርፎ (አዲስ ቅኔ አፍልቆ) ይናገራል፣ ምሥጢሩንና አገባቡን ይፈታል፣ ተማሪውም ሲቆጥር (ቅኔውን ሲያዘጋጅ) ያደረውን ይዞ ይቀርብና ይታረማል። ትምህርቱ ከሁለት ቤቱ (ሁለት መስመር ካለው) ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል፤ አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔ ደግሞ ተመልሶ አይቀርብም። ከፍተኛ የስቱዲዮ ኮርስ የሚያቅድ መምህር ሁለቱንም ሊወስድ ይችላል፤ ሥራውን በደረጃ ያሳድጋል፣ ያምናውንም ናሙና ከመሳቢያ አውጥቶ ዘንድሮ አይሰቅልም።

መነሻው አንድ ጥያቄ ነው። «የመልክዓ ምድር ሥዕል» የሚለው የምዕራፍ ርእስ እንጂ ጥያቄ ስላልሆነ ለሙሉ የትምህርት ወቅት የሚበቃ ሥራ አያወጣም። በአንጻሩ «ጥቁር ቀለም ሳይነካ ጥልቅ ጥላ እንዴት ይገኛል?» የሚለው ብዙ ያሠራል። ለምሳሌ በጣና ዳር ውኃ የጠጣውን የደንገል ታንኳ ለማድረቅ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ያቆሙታል። ቀረብ ብለው ሲያዩት የደረቀው ደንገል ከሩቅ እንደሚመስለው አንድ ወጥ ገለባማ ቀለም የለውም፤ ፀሐይ ያገኘው ጎን ወደ ነጭ ይጠጋል፣ ከውኃው በቅርቡ የወጣው ታች ይቡናል፣ በእስሮቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ደግሞ የሐይቁን ሰማያዊ ይዞ ይጠቁራል። ይህን በቢጫማ አፈር ቀለም፣ በሰማያዊና በነጭ ብቻ ለመሣል የሞከረ ሰው አረንጓዴው ሳይፈለግ የሚመጣው መቼ እንደሆነ፣ ለማብረድም ጥቂት ቀይ አፈር ማስገባት እንደሚያስፈልግ በእጁ ያውቀዋል። ተማሪው የሚሰናከለው እዚያው ላይ ስለሆነ፣ የሦስተኛው ሳምንት ትምህርት ምን መሆን እንዳለበት ሥዕሉ ራሱ ይነግርዎታል።

ቁሳቁሱ ተማሪው የሚያገኘው ዓይነት ይሁን። መምህሩ ከአዲስ አበባ ባስመጣው ውድ ቀለም ሞክሮ ተማሪውን በተማሪ በጀት ቢያሠራ ሙከራው ለዕቅድ አይጠቅምም። አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥረው፣ በውኃ የቀጠነ ኮላ ቀብተው ካደረቁ በኋላ ሁለት ስስ ዙር በውኃ የሚቀጥን ነጭ የግድግዳ ቀለም ቢያለብሱት ለልምምድ የሚበቃ ሸራ ይወጣዋል። ለንድፍ የሚሆን ከሰልም እቤት ይሠራል። በአዊ በኩል የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ከሰል እንደ ልብ ቢገኝም ለማብሰያ የሚሸጠው ወረቀት ላይ ይሻክራል። ስለዚህ እርሳስ የሚያህሉ ቀጫጭን ጭራሮዎችን ልጠው ያድርቁ፤ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ አጠጋግተው ይደርድሩ፤ ክዳኑን በሚስማር አንድ ቦታ ይብሱትና እሳት ውስጥ ያኑሩት። ከቀዳዳው የሚወጣው ጭስ ሲያበቃ ያውጡት፤ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ግን አይክፈቱት፤ አየር ከገባበት ከሰሉ ተቀጣጥሎ ዐመድ ይሆናል። የእንቁላል አስኳል ቀለም ለማስተማር ያሰበም አስቀድሞ ይሞክረው፤ ቶሎ ስለሚደርቅ ቀለሞቹን ሸራ ላይ ማዋሐድ አይቻልም፣ በቀጫጭን መስመሮች መደራረብን ይጠይቃል፤ ይህም ብቻውን ሁለት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል።

የንድፍ ደብተሩን በቀኝ ገጽ ለሥዕል፣ በግራ ገጽ ለማስታወሻ ያውሉት። በግራው ገጽ የሚሰፍረው ስሜት ሳይሆን ለዕቅድ የሚሆን መረጃ ነው፤ ሥራው የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የተበላሸው ወረቀት፣ እጅ የቆመበት ቦታና ከዚያ ያወጣው ውሳኔ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ በከፍተኛ ደረጃ ላይ ያለ ተማሪ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የእጅ ቅልጥፍና ሳይሆን መሐል መንገድ ላይ የመወሰን ልምድ ነውና።

አንድ ነገር በተለይ ይታሰብበት፤ ብርሃን። በነሐሴ ደመናው ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ዕቃ ጥላ ለሰዓታት እምብዛም አይለወጥም። ዕቅዱ የሚተገበረው ግን ሰማዩ በጠራበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ፣ በነሐሴ አጋማሽ ግድም አናት ላይ የምታልፈው ፀሐይ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በደቡብ መስኮት የሚገባውም ጨረር ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ጠረጴዛውን አቋርጦ ይሄዳል። ስለዚህ በክረምት አራት ሰዓት የፈጀ የብርሃንና ጥላ ጥናት በበጋ እንዲሠራ ከታሰበ፣ ዕቃው በሰሜን መስኮት በኩል ይቀመጥ፤ ወይም ሥራው በአጫጭር ክፍለ ጊዜዎች ተከፍሎ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሠራ።

ከደብተሩ ወደ ዕቅዱ ሲሻገሩ እርስዎ የፈጀብዎትን ጊዜ እንዳለ አይውሰዱት፤ በእኔ ግምት በሦስት ቢያባዙት ለተማሪው ይቀርባል። በዚህ ስሌት 16 ሳምንት ከአራት ሰፋፊ ሥራዎች በላይ አይሸከምም፤ ስምንት ርእስ የተደረደረበት ዕቅድ ወረቀት ላይ ቢያምርም ስቱዲዮ ውስጥ አይሠራም። በክረምቱ ሲሠሩ የሰለቸዎትን መልመጃ ያለ ርኅራኄ ያውጡት።

የራስን ሥራ ለተማሪ ማሳየት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተጠናቀቀው ሸራ በመጀመሪያው ቀን ከተሰቀለ ክፍሉ በሙሉ እሱን ይቀዳል። በመጀመሪያ ጥያቄውንና የተጣሉትን ንድፎች፣ ተማሪዎቹ የራሳቸውን መንገድ ከያዙ በኋላ ደግሞ የተጠናቀቀውን ያሳዩ። በአገራችን የሥዕል ትምህርት ታሪክ መምህርነትና ሠዓሊነት ተለያይተው አያውቁም፤ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብረ ክርስቶስ ደስታንና እስክንድር ቦጎሲያንን የመሰሉ በሥራ ላይ ያሉ ሠዓሊዎችን በመምህርነት አግኝቷል። ለረጅም ዓመታት እዚያው ያስተማሩት ታደሰ መስፍንም የገበያ ሴቶችን ደጋግመው በመሣል ይታወቃሉ። አንድን ጉዳይ እየተመላለሱ መሥራት የማስተማር ጫና ላለበት ሰው የሚስማማ ይመስለኛል፤ የተቋረጠውን ለመቀጠል እንደገና ርእስ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግምና።

ትምህርት ከተጀመረ በኋላ መጠኑን ዝቅ ያድርጉ። ተማሪዎች በጸጥታ በሚሠሩበት ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጠው ያንኑ ሥራ በትንሽ ወረቀት ይሥሩ፤ በየመሐሉ ተነሥተው ይዙሩ። የፈተና እርማት በሚበዛባቸው ሳምንታት የቀለም ሥራ ከመጀመር ይልቅ ደብተሩን ብቻ መያዝ ይበቃል።

ዕቅዱ ለትምህርት ክፍሉ ሲቀርብ፣ ለራስዎ ሙከራ የሚውለውን አቡጀዲ፣ ኮላና ቀለም ከተማሪዎቹ ጋር በማስተማሪያ ቁሳቁስ ዓምድ ሥር ያስገቡት፤ ናሙና ሥራ የማስተማሪያ መሣሪያ ነውና መጠየቁ አግባብ ነው። የግዢ ሂደት እንደሚዘገይ የታወቀ ስለሆነ ዝርዝሩ ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ቢደርስ ይመረጣል፤ የአቡጀዲውን ሜትርና የቀለሙን ዓይነት በግልጽ ይጻፉ፤ «የሥዕል ዕቃ» ተብሎ የተጠየቀ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የልጆች የውኃ ቀለም ሆኖ ነው።