በዱቤ የገዛችሁት ሶፋ ሲበላሽ፦ እንግሊዝ ላላችሁ ችግርና መፍትሄ

እንግሊዝ አገር አዲስ ቤት የገባ ሰው ሶፋውንም አልጋውንም በዱቤ ቢገዛ አይገርምም። ሻጩ «ወለድ የለውም፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ነው» ይላል፤ ይፈረማል። ሶፋው ሲሰምጥ ግን ጭቅጭቁ ሁሉ ከሱቁ ጋር ብቻ ይሆናል። ገንዘቡን ያበደረው ድርጅትም በሕግ እንደሚጠየቅ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ምልክት፦ «እንጠግናለን እንጂ ገንዘብ አንመልስም»

እዚህ ላይ ወሳኙ ቀን ነው። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ እቃው ከደረሰበት ጀምሮ 30 ቀን ይሰጣችኋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጉድለት መኖሩን ካሳያችሁ፣ ጥገና ሳትቀበሉ እቃውን መልሳችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ስለዚህ ስንጥቁን፣ የተጣመመውን እግር፣ የተተረተረውን ስፌት ወዲያው ፎቶ አንሱት።

ቀኑ ካለፈ ሱቁ የመጠገን ወይም የመቀየር ዕድል አለው። አንድ ዕድል ብቻ! ባለሙያው መጥቶ ስፖንጅ ጠቅጥቆበት ከሄደ በኋላ ያው ቦታ መልሶ ከሰመጠ፣ «ሌላ ሰው እንልካለን» የሚለውን የመቀበል ግዴታ የለባችሁም። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ «ልጆች ዘለውበት ነው» ካሉ፣ ያንን ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ከ6 ወር በኋላ ማስረዳቱ ወደ እናንተ ይዞራል፤ ሶፋ የሚሠራ ገለልተኛ ባለሙያ አይቶ የጻፈው ወረቀት ያኔ ዋጋ አለው። የሚመለሰው ገንዘብም ለተጠቀማችሁበት ጊዜ ሊቀነስ ይችላል።

መፍትሄው በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ ኢሜይል ይበቃል። የኛ ሰው ይሉኝታ ይዞት «እባካችሁ አንድ ጊዜ ብታዩልኝ» ብሎ ይጽፋል። ሱቁ ይህን የጥገና ጥያቄ አድርጎ ይወስደዋል። «እቃው ጉድለት አለበት፣ አልተቀበልኩትም፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ» በሉ። ጨዋነቱ ሰላምታው ላይ ይሁን።

ምልክት፦ ሱቁ መልስ አይሰጥም፣ ወይም ጭራሽ ተዘግቷል

ሱቁ ቢከስርም የናንተ ጉዳይ አብሮት አይቀበርም። በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት፣ ሱቁ ውሉን ካፈረሰ አበዳሪውም እኩል ይጠየቃል። ከሱቁ ጋር ሙግት እስኪያልቅ መጠበቅም የለባችሁም፤ በቀጥታ ለአበዳሪው መጻፍ ይቻላል። የግዢውን ደረሰኝ፣ የብድሩን ውል፣ ፎቶዎቹንና ከሱቁ ጋር የተጻጻፋችሁትን አያይዙ። «በአንቀጽ 75 መሠረት ነው የምጠይቀው» የሚለውን በግልጽ ጻፉ፤ አለዚያ ደብዳቤው ተራ ቅሬታ መስሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

ምልክት፦ አበዳሪው «አይመለከተንም» ይላል

አንዳንዴ እውነቱን ነው። የእቃው ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ፣ ከ30,000 ፓውንድ ያልበለጠ መሆን አለበት። የሚቆጠረው የአንዱ እቃ ዋጋ እንጂ የደረሰኙ ድምር አይደለም። ለየብቻ የተሸጡ ባለ 80 ፓውንድ ወንበሮች ስድስት ቢሆኑም አይገቡም። በሌላ በኩል የ900 ፓውንድ ሶፋ ቀብድ ብቻ በክሬዲት ካርድ ከተከፈለ፣ ሕጉ ሙሉውን ዋጋ ይሸፍናል። ይህ ብዙ ሰው የሚያልፈው ዕድል ነው።

ሌላው መንስኤ ስም ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የተለመደ ነው። አዲስ የመጣ ሰው የክሬዲት ታሪክ የለውም። ስለዚህ የአጎት ልጅ ወይም ጓደኛ በራሱ ካርድ ይገዛለታል፤ ደረሰኙ በአንዱ ስም፣ ብድሩ በሌላው ስም ይወጣል። አንቀጽ 75 ደግሞ ተበዳሪውና ገዢው አንድ ሰው እንዲሆን ይፈልጋል። ገና ካልገዛችሁ ሁለቱንም ወረቀት በአንድ ሰው ስም አድርጉት። ከተገዛ በኋላ ከሆነ፣ የካርዱ ባለቤት ባንኩን ቻርጅባክ (በካርድ የተከፈለውን ገንዘብ ከሻጩ ማስመለስ) ይጠይቅ። ይህ የካርድ ድርጅቶች ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ጊዜውም አጭር ነው፣ ብዙውን ጊዜ 120 ቀን። በዴቢት ካርድ ለከፈለም የሚሠራው እሱ ነው።

ምልክት፦ «መክፈል አቆምኩ፤ አሁን ስሜ ተበላሸ»

ንዴቱ ይገባል። «ለተሰበረ አልጋ ምን አስከፈለኝ?» ብሎ ዳይሬክት ዴቢቱን፣ ማለትም በየወሩ ከባንክ በራሱ የሚሄደውን ክፍያ፣ ማቋረጥ ይቀላል። ግን አለመክፈላችሁ በክሬዲት ፋይላችሁ (የብድር ታሪክ መዝገባችሁ) ላይ 6 ዓመት ይቀመጣል፤ ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) ሲጠየቅ ይወጣል።

ሪቻርድ ደርኪን የተባለ ሰው በ1998 አበርዲን ውስጥ ላፕቶፕ በብድር ገዛ። የፈለገው ሞደም (ከኢንተርኔት የሚያገናኝ መሣሪያ) ውስጡ አልነበረም፤ በማግስቱ መለሰው። ሱቁ አልቀበልም አለ፣ እሱም አልከፍልም አለ፣ አበዳሪው ስሙን ባለዕዳ አድርጎ አስመዘገበው። ሙግቱ እስከ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2014 ተፈረደለት፦ ግዢውን በሕግ ያፈረሰ ሰው ከግዢው ጋር የተያያዘውን ብድርም ማፍረስ ይችላል። ፍርዱ ለሁላችንም ጠቅሟል። ግን ከግዢው እስከ ፍርዱ ያለውን ዓመት ቁጠሩት።

ስለዚህ ጉዳዩ እስኪያልቅ ክፈሉ፤ የምትከፍሉት ተቃውሟችሁን ይዛችሁ መሆኑን ግን በጽሑፍ አሳውቁ። ሲፈረድላችሁ ብድሩ ይሰረዛል፣ የከፈላችሁትም ይመለሳል።

ምልክት፦ አበዳሪው ዝም አለ፣ ወይም እምቢ አለ

ለቅሬታ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። ጊዜው ካለፈ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ ሂዱ፤ ይህ በደንበኞችና በገንዘብ ድርጅቶች መካከል ያለን ቅሬታ የሚዳኝ ገለልተኛ ተቋም ነው። ነፃ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግም። እምቢታው በደብዳቤ ከመጣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላችሁ 6 ወር ነው። ደብዳቤውን ሳትከፍቱ መሳቢያ ውስጥ እንዳትከቱት።